አራት ጣት ከፍ ያለችው ፒካፕ

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የሞተው ግን አልጋው ላይ፣ በሕመም ነው። እሱ መንገድ ላይ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ መኪናው ሲገለበጥ በእንቅልፌም በእውኔም ሳይ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ተገልብጦ አያውቅም። በሩን ቆልፌ ከመንገድ ተመልሼ ደግሜ የምነካ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን ነው፤ ፍርሃቴ በየመሐሉ ቢገባ አንባቢ ይታገሰኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ መኪና የማውቀውም ከባሌ አፍ የቀረልኝን ብቻ ነው።

ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። አዳማ ተወልዳ አደገች፣ ግብርና ተማረች፣ ከአዳሚ ቱሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መሬት ያለው የአርሲ ልጅ አገባች። እሷና ባሏ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ አፍልተው ለገበሬ ይሸጣሉ። መኪናቸው አንዲት አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ናት፤ ችግኙም፣ ማዳበሪያውም፣ ሰውም በእሷ ነው የሚጫነው። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሊጥ ይሆናል፣ ጎማ ከያዘ አይለቅም።

የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በዚያ መንገድ ነው። እርግዝናው ስምንተኛ ወሩን እንደያዘ፣ ዝናብ ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ፣ ምጥ ሳይታሰብ መጣ። መኪናዋ ከቤት ብዙም ሳትርቅ፣ ውኃ የሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሆዷ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከሩ ጀመር። ጎረቤቶች በሬ ጠምደው ጎትተው አወጧቸው። ባቱ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልጁ በሕይወት አልነበረም። እኔ አዳማ ነበርኩ። ስልኩ ሲደወል ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ያን ምስር ከዚያ በኋላ ማን እንዳነሳው አላውቅም።

ሁለተኛ ስታረግዝ ማናችንም ደስታችንን ጮክ ብለን አልተናገርንም። መውለጃዋ ክረምት መውጫ ላይ ነው ተባለ። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ወደ እኔ መጥታ በእናቷ ቤት እንድትወልድ ተስማማን። ቀድማ እንዳትመጣ ችግኙ አለ፤ ገበሬው የሚወስደው ዝናቡ ሲጠና ነው፣ በዚያን ጊዜ ጥለሽ ነዪ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘጠነኛው ወር አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ስምንተኛው ነበር።

አማቼም ዓይኑን የጣለው በዚያው ወር ላይ ኖሯል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጄ ደወለችልኝ።

"እማዬ፣ ነገ መኪናዋን ይዞ ይመጣል። ከፍ ሊያስደርጋት ነው።"

"ከፍ ማለት?"

"ጋቢናዋን ከሻንሲው ያነሱታል፣ ከሥሩ ትልልቅ ጎማ ይገባል። ጭቃው ሆዷን እንዳይነካት።"

"ከፍ ያለ መኪና ይገለበጣል።"

"ለእሱ ንገሪዋ።"

"እንዴት ብዬ?"

ልጄ ሳቀች። እንዴት ብዬ እንደማልነግረው ታውቃለች። በአርሲዎች ወግ አማትና አማች በስም አይጠራሩም፣ ፊት ለፊት ቆመው ነገር አይመላለሱም፣ በአንድ ትሪ አይበሉም። በጋብቻ የተዛመዱ፣ ሶዳ ናቸው፤ ሶዳ ደግሞ የሚከበር ነው። የእናቴ ወገኖች የሆኑት የሸዋ ኦሮሞዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከተማ ውስጥ ይህ እየቀረ ነው፣ አንዲት ጎረቤቴ ከአማቿ ጋር ካርታ ትጫወታለች። የእኔ አማች ግን ሥርዓት ያለው ቤት ያደገ ልጅ ነው። እኔን ሲያይ ቀና አይልም፤ እኔም በዕድሜ ልጄ ሆኖ ሳለ አንቱ ነበር የምለው። እንዲህ ሆነን ዓመታት በፍቅር ኖረናል። ለፍቅር የሚመች ወግ ነው። ለክርክር ግን አይመችም።

ጋራዡ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። አማች ጋራዥ ውሎ ምሳ ሳይላክለት አይቀርምና፣ በምሳው ሰበብ ሄድኩ። ምሳውን በሠራተኛ አስይዤ ወደ እሱ ላክሁና እኔ ፊቴን አዙሬ አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። የጋራዡ ባለቤት መፋቂያ ከአፉ የማይለይ፣ በባሌ ጊዜ ተላላኪ ሆኖ የማውቀው፣ አሁን ሆድ ያወጣ ሜካኒክ ነው።

"እባክህ ጠይቅልኝ" አልኩት፣ "ከፍ ስትል አትገለበጥም ወይ በለው።"

አማቼ አጠገባችን ቆሟል።

ሜካኒኩ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "ማዘር፣ እየሰማዎት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አንተ ጠይቅልኝ።"

"አማትህ ትገለበጣለች ወይ እያሉ ነው።"

አማቼ መሬት መሬቱን እያየ፣ "አትገለበጥም በላቸው። ሞተሩና ሻንሲው ካሉበት አይነቃነቁም። ጋቢናው ብቻ ነው አራት ጣት የሚነሳው" አለ።

"ሁለታችሁም አማርኛ ታውቃላችሁ፣ ሁለታችሁም ኦሮምኛ ታውቃላችሁ" አለ ሜካኒኩ። "ወላሂ፣ መሐላችሁ ቆሜ የማስተረጉመው ምኑን እንደሆነ አልገባኝም።"

ቢሆንም መልካም ሰው ነው። እጄን ይዞ አስነሳኝና ጎንበስ ብዬ ከመኪናዋ ሥር እንዳይ አደረገኝ። "ይህ ሻንሲው ነው፣ አጥንቷ በሉት። ሞተሩም የጎማው እግርም የታሰረው እዚህ ላይ ነው። ጋቢናው እንደ ኮርቻ ከላይ ነው የተጫነው። እኔ የማደርገው ከኮርቻው ሥር ድብዳብ መጨመር ነው። ድብዳብ ቢጨመር ፈረሱ ይረዝማል?"

"ፈረሱ አይረዝምም። የተቀመጠበት ሰው ይረዝማል" አልኩ።

መፋቂያውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። "እሱ ላይ ልክ ነዎት። ጎማውም ትንሽ ያነሳታል። ኩርባ ላይ እንደ ድሮው አይነዳትም፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ።"

ይህን በማመኑ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ምንም የለም ቢለኝ ኖሮ እዚያው አልቅሼ መኪናዋን አስመልሳት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጋራዡ አልጠፋሁም። ሥራው አዳር ስለጠየቀ በማግስቱም ጠዋት መጥቼ ያቺው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢናውን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ። ዝገቱ አስቸግሯቸው ዘይት እየቀቡ ሲታገሉ ዋሉ። ከዚያ በአንድ ወገን ክሪክ አስገብተው፣ በክሪኩና በጋቢናው መሐል እንጨት አድርገው ቀስ ብለው አነሱት። ባሌ ያረጀ መኪና ሲያነሱ ብረቱ የሚያሰማውን ድምፅ የበሬ ማቃሰት ይለው ነበር፤ እውነትም እንደዚያ ነው። በተከፈተው ቦታ ቶርኖ ቤት የተቆረጡ ወፍራም ክብ ብረቶች አስገቡ፣ በረጃጅም ቡሎን አሰሩ፣ ወደ ሌላው ወገን ዞሩ።

ጋቢናው ወደ ላይ ሲወጣ አብረውት የሚወጡና ከታች የሚቀሩ ነገሮች እንዳሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ራዲያተሩ ከጋቢናው ጋር ወጣ፤ የሚያቀዘቅዘው ፋን ግን ሞተሩ ላይ ቀረ። የፋኑ መሸፈኛ ዝቅ ተደርጎ እንደገና መታሰር ነበረበት፣ አለበለዚያ ፋኑ እየመታ ይሰባብረዋል። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው ሽቦ አጠረና በሌላ ተተካ። መሪውን ከታች ካለው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ዘንግም አጥሮ ተፈታ። መሪው ከምንም ሳይያያዝ በእጅ ሲዞር ባየሁ ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"ይህን በብየዳ የምታስረዝሙት ከሆነ" አልኩት ሜካኒኩን፣ "ልጄ አትሳፈርባትም። በለው።"

"ለእሱ ምን ብዬ ልበለው፣ ሥራው የእኔ ነው። ማዘር፣ መሪ አይበየድም። ሙሉ ማስረዘሚያ አለው፣ በቡሎን ነው የሚታሰር። መሪ እበይዳለሁ የሚል ጋራዥ ካዩ በዚያ በኩል አይለፉ።"

ባሌም የሚለው ይህንኑ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጎማዎቹን አማቼ ራሱ ከሞጆ ነው ያመጣቸው። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ጣቴ ገብቶ ይጠፋል፤ ከአሮጌዎቹ ጎን ሲቆሙ አሮጌዎቹ የልጅ መጫወቻ መሰሉ። ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ የሚያረጀውም በጎኑ ነው ሲል ባሌን ሰምቼዋለሁና፣ ጣቴን እያራስኩ አቧራውን እየጠረግሁ የአራቱንም ጎን ዞሬ አየሁ። አንድም ስንጥቅ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ሳይለኝ አልቀረም።

ጎማዎቹ ገብተው ክሪኩ ሲወርድ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አማቼ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዞራት፣ ፈገግታውን እንዳላይበት ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሜካኒኩ መሪውን ጥግ ድረስ ወዲህም ወዲያም አዙሮ፣ "ነጻ ናት፣ የትም አትነካም" አለ።

"ባዶዋን ነዋ" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"አሁን ባዶ ናት በለው። ችግኝና ሰው ስትጭን ኋላዋ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ስትገባ አንዱ ወገን ይወርዳል። ያን ጊዜም አትነካም ወይ በለው።"

ሜካኒኩ ጋቢናው ላይ ተደገፈ። "ይህን ነገ ልሞክረው ነበር።"

"ነገ ለምን? ዛሬ ሰው አለ።"

እንዲህ ሆኖ የጋራዡ ሠራተኞች ሁሉ ከመኪናዋ የጭነት ቦታ ላይ ወጡ። ከፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ መጣ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴትም ሻይዋን ትታ ወጣች፣ ሰርግ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አንዱን የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስወጡትና አማቼ መሪውን ጥግ ድረስ አዞረው። ክርርር አለ። ጎማው ከላዩ የሚከልለውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ነክቶ ተፋተገ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ።

ከኋላ አንዱ ሠራተኛ፣ "ማዘርን እዚህ ጋራዥ ይቅጠሩልን" ብሎ ጮኸ።

"እሳቸው ከተቀጠሩ አንድም መኪና ከዚህ አይወጣም" አለ ሜካኒኩ፤ ግን መዶሻውን አንስቶ ነበር። የጠርዙን ፕላስቲክ ቆረጡ፣ ብረቱን ወደ ውስጥ ቀጥቅጠው አጠፉት፣ እንደገና ሰው ጭነው ሞከሩ። አልነካም።

ወደ መጨረሻው ሜካኒኩ አማቼን ሌላ ነገር ማባበል ጀመረ። ከጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ከፊት ተጨማሪ መብራቶች ላድርግልህ ይለዋል። ከፍ ብላ ሳለ ደግሞ አናቷ ላይ ክብደት ሊጭንባት ነው ብዬ ደነገጥኩ። "በለው" አልኩት ሜካኒኩን ለብቻው ጠርቼ፣ "ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይጨመርባት።" እሱም ሄዶ ነገረው፤ አማቼ ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺ ሲል ከሩቅ አየሁ። ቃሌ በሰው አፍ ሲያልፍ እንዴት ሆኖ እንደደረሰ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ልንሄድ ስንል ሜካኒኩ ለአማቼ፣ "ጎማው ስለተለቀ የፍጥነት መርፌው ከእውነቱ አሳንሶ ነው የሚያሳይህ፤ ስልሳ ሲልህ ከስልሳ አልፈሃል" አለው።

"ይዋሻል ማለት ነው?" አልኩ።

"ትንሽ ትንሽ፣ ማዘር። እንደ ሁላችንም።"

እኔም ልጄን ልጎበኝ አብሬው ሄድኩ። ለክብሬ ፊት ተቀመጥኩ። ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ዓይኔ ከዚያ ውሸታም መርፌ ላይ አልተነሳም። አማቼ ይህን ሳይረዳ አልቀረም፣ የጭነት አህያ ሳይቀር እስኪቀድመን ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ።

ልጄ ከችግኙ ዳስ ሆዷን አስቀድማ ወጣች። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ፎቅ ነው እንዴ የሠራችሁት?" አለች።

ሳቅን። ቀጥላ የጋቢናውን በር ከፍታ እግሯን አነሳች። እግሯ አልደረሰም። ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው በሩን ጨብጣ ደግማ ሞከረች፣ አሁንም አልደረሰም። ሳቁ ቀረ። መኪናዋን ያስነሳናት እሷን ከጭቃ ለማውጣት ነው። ሆዷ የገፋ ሴት ወደዚያ ከፍታ እንዴት እንደምትወጣ ግን፣ እኔ ስንጥቅ ስፈልግ የዋልኩት ሴትዮ እንኳ አላሰብኩም።

አማቼ እኔ ቆሜ እያየሁ ሚስቱን አቅፎ ሊያነሳት አይችልም፣ ነውር ነው። መሬት መሬቱን አየ። ልጄ አንድ የቲማቲም ሳጥን ጎትታ አመጣች፣ እሱ ላይ ቆማ ወጣች፣ "ይኸው" አለች። ሳጥኑ ከቀጭን ጣውላ የተመታ ነው፣ ሲረገጥ ይንቋቋል። በልቤ ደረጃ ማስበየድ አለበት አልኩ። ግን እንዲህ ደክሞበት የመጣውን ሥራ ጎደለ ብዬ ልነግረው አፈርኩ፤ መሐላችን የሚቆም ሜካኒክም የለም። ለልጄ ብነግራት፣ "ሳጥኑ ይበቃኛል፣ አንቺ ደግሞ" አለችኝ። ሳጥኑ ከመኪናዋ ኋላ እየተጫነ ይዞር ጀመር።

ስምንተኛው ወር ሲገባ ልብሴን ይዤ ሄጄ እነሱ ጋ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። የአምቡላንሱን ስልክ ይዘናል፣ ግን በክረምት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቀን ቀን ከልጄ ኋላ ኋላ እየሄድኩ፣ እሷ ችግኝ ስትነቅል እኔ ተቀበልኳት፣ እሷ ጎንበስ ስትል እኔ አቃናኋት። "እማዬ፣ ጥላዬ ሆንሽ፣ ጥላዬ እንኳ በደመና ቀን ይተወኛል" ትለኛለች።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ በነጋ በአንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ወደ ዳሱ ስሄድ ምሰሶውን ጨብጣ ቆማ አገኘኋት። እግሯ ሥር ያለው መሬት የረጠበው በዝናብ አልነበረም።

"እማዬ" አለች፣ ዝግ ብላ።

እንደ ፊተኛው ነው፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዝናብ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ሲመጣ ሻዩን ሳላፈስ መሬት ላይ ማስቀመጤ ገረመኝ። አማቼ ሮጦ መኪናዋን አስነስቶ ደጅ አቀረባት። ሳጥኑን አወረደና በሩ ሥር አስቀመጠው። ልጄ እግሯን ሳጥኑ ላይ ስታሳርፍ አንዱ ማዕዘን ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፣ ጣውላው ተሰበረ፣ በትከሻዬ ባልደግፋት ኖሮ ወድቃ ነበር። ደግሞ ምጡ መጣባትና በሩን ይዛ ታጠፈች።

አማቼ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ አይነካትም። አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ መሬቱን ያያል። ወጉ በእጁ ላይ እንደ ገመድ ታስሮበት አየሁት። ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ እዚያ በመቆሜ።

በስሙ ጠራሁት። ልጄን ካገባ ጀምሮ አንድም ቀን ከአፌ ያልወጣ ስም ነው። "ምን ትጠብቃለህ? ሚስትህ ናት። አንሳት" አልኩት። አንተ አልኩት።

አቅፎ አነሳት። "አዮ፣ እርስዎ ከውስጥ ይያዟት" አለኝ፤ አዮ እናቱን የሚጠራበት ነው። በዚያኛው በር እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ እኔም እኮ ደረጃ አልነበረኝም። በብብቷ ይዤ ሳብኳት፣ እሱ ከታች ገፋት፣ የኋላው ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አስተኛኋት።

ዝቅ ያለው ቦታ ስንደርስ ውኃው መንገዱን ሸፍኖታል። የት እንደሚያልቅ አይታይም። አማቼ አቁሞ ወረደ፣ ዱላ ይዞ ውኃው ውስጥ ገባ፣ እየወጋ ሄደ። ጭኔ ላይ የተኛችው ልጄ ዓይኗን ጨፍናለች። የት እንዳለን ግን ታውቃለች፣ እጄን የያዘችበት አያያዝ ይነግረኛል። ተመልሶ ገባ፣ "ከጉልበት በታች ነው" አለ ቀጥታ ለእኔ። አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ አስገባና ለቀቃት።

መኪናዋ መጀመሪያ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ጭቃው ጣራው ላይ ሲወርድ ሰማሁ። አንድ ጊዜ የኋላዋ ሰመጠ፣ ሞተሩ አጓራ። "ሱታ፣ ሱታ" አልኩት፣ ቀስ በል ማለቴ ነው። እግሩን አነሳ፣ ጥልቁ ጥርስ ከሥር የሆነ ነገር ያዘ፣ እየነከሰ እየነከሰ ወጣች። ጭቃው ሆዷን አልነካትም። አራት ጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"አለፍነው?" አለች ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አልፈነዋል" አላት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ረገጠው። ከኋላ ሆኜ አንገቴን አስግጌ መርፌውን አየሁ። "ይህ ነገር ይዋሻል። ከሚለው በላይ ነህ፣ ቀንስ።"

"እሺ አዮ።"

"ኩርባ አለ።"

"አየሁት አዮ።"

ልጄ በሁለት ምጥ መሐል ሳቀች። "ስታስተረጉሙኝ ኖራችሁ ኖራችሁ፣ አፍ የምትፈቱት ዛሬ ነው?" አለች።

ባቱ ሐኪም ቤት ተቀበሏትና በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ነበር፣ እኔና አማቼ በሁለቱ ጫፍ ተቀመጥን። መጠበቅ ነበር። "ደረጃ ብታስበይድላት እኮ ጥሩ ነበር" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ላስበይድላት ብረቱን ሁሉ ገዝቼ ነበር። እርስዎ ምንም ነገር እንዳይጨመር ብለዋል ብሎ ሜካኒኩ ነግሮኝ ተውኩት።"

"እኔ ያልኩት ጣራው ላይ ያለውን ነው።"

"እኔ ሁሉንም መስሎኝ።"

"ብትጠይቀኝስ?"

"እንዴት ብዬ?" አለ።

ያቺን ጥያቄ እኔም ለልጄ በስልክ ጠይቄያታለሁ። ወደ እሱ ጠጋ አልኩ፣ እሱም ሸሸት አላለም። እጁን ያዝኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም፤ እሱ ግን እርስዎን አልተወም፣ እንዲተወውም አልፈልግም።

ጌታዬን በዚያ ወንበር ላይ ምን ምን እንዳልኩት አልጽፈውም። ከበሩ ወዲያ ለቅሶ ሲሰማ ሁለታችንም አልተነሳንም፤ የእኛ መሆኑን ለማመን ፈራን። ነርሷ ወጣች። "ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ጉልበት አላት፤ ለጊዜው ሙቀት ውስጥ እናቆያታለን። እናቷ ደህና ናት።" አማቼ ወደ ግድግዳው ዞረ። በዚህ ጊዜ የደበቀው ፈገግታ አልነበረም፤ እኔም አላየሁትም አልኩ።

ባሌን ከመንገዱ ሁሉ በሰላም የመለሰልኝን አምላክ በሕይወቱ ሳለ በደንብ አላመሰገንኩትም፤ ቀጣዩን መንገድ ስፈራ ጊዜ አጣሁ። በዚያ ኮሪደር ግን አንድ በአንድ አመሰገንኩ። ስለ ሜካኒኩና ስለ መዶሻው፣ መኪናዋ ላይ ወጥተው ስለቆሙት ሠራተኞችና ሻይዋን ትታ ስለወጣችው ሴት፣ እርጉዝ ሚስቱን አስቦ ወር አስቀድሞ ስለተዘጋጀው ልጅ። ገና አልጨረስኩም ነበር የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ስትመጣ።

ወለሉን አየች፣ ቀጥላ እኛን አየች። ከበሩ እስከ አግዳሚው ድረስ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጫማችን አይታይም።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? አሁን ወልውዬ መሄዴ እኮ ነው" አለች።

"ይቅርታ፣ እናቴ" አልኳት። "ልጄ ወልዳ ነው።"

ቆመች። ፊቷ ሁሉ ተለወጠ። "ወለደች? በሰላም?"

"በሰላም።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በቤታችን እንዲህ አንልም። ከልቤ፣ ከሆዴ ሥር አውጥቼ አሜን አልኳት።

"በሉ እግራችሁን አንሱ" አለች፣ መወልወያውን ባልዲው ውስጥ እያጠበች።

እኔና አማቼ ጎን ለጎን እግራችንን አነሳን፣ እሷም ከሥራችን መወልወል ጀመረች።